ሰላምታው ይቆየንና

በኮሮናው ሰሞን የምኖርባት የኩዌት ሰፈር አባሲያ ዙሪያዋን ታጥራ፣ መግባትም መውጣትም ሲከለከል፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ድረ ገጽ ሠራሁ። መሃል ከተማ ሻርቅ ያለው ቢሮዬ ተዘግቶ ነበር፤ እዚያ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሽማግሌ ሥራ ሲፈታ ወይ ይጸልያል ወይ ሰው ይመክራል። እኔ ጸሎቱን ትቼ ምክሩን ያዝኩ።

ገጹ የማኅበራችን ነበር። በየሰው ቤት የሚሠሩት የሀገራችን ልጆች አረብኛው ሲጠፋባቸው ጥያቄያቸውን ይጽፉበታል፤ መላሿ ደግሞ ድምፅዋን ቀድታ ትልክላቸዋለች። መላሿ የወሎ ሴት ናት። ሱራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ማዳም ቤት ብዙ ዘመን ሠርታ፣ ስኳር ዓይኗን ሲወስድባት ማዳም "የትም አትሄጂም" ብላ እዚያው አስቀመጠቻት። የኩዌቶችን አነጋገር እንደ ኪሷ ታውቀዋለች። ኮምፒውተሯ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ ታብ የምትባለዋን ቁልፍ በተጫነች ቁጥር ወደሚቀጥለው ማስፈንጠሪያ፣ ሊንክ ወደሚሉት፣ ይወስዳታል።

አንድ ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ መላሿ ዘገየችብን። ሌላ ሰው ብንፈልግ ይሻላል።"

"ምን ተፈጠረ?"

"አንዷን ልጅ ማዳሟ ደሪሻውን ዝጊ አለቻት። ልጅቷ 'ደሪሻ ምንድን ነው?' ብላ ጻፈች። 'መስኮት ነው' የሚለው መልስ ሲደርሳት የአሸዋው ነፋስ ሳሎን ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል! እስከ ዓርብ ካልፈጠነች ሌላ እናስገባለን። አንተ ንገራት።"

እኔን፣ ንገራት! ክፉ ወሬ የያዘ ሐበሻ ሰላምታው ይረዝማል። ደወልኩና ስለ ጤናዋ ጠየቅሁ፣ ስለ ማዳም ጠየቅሁ፣ ስለ ማዳም እናት ጠየቅሁ፣ ስለ ሙቀቱ አማረርኩ። "የማዳም ድመትስ..." ስል አቋረጠችኝ።

"ጋሼ፣ ሰላምታው ይቆየንና ወደ ጉዳዩ።"

ነገርኳት።

"ዓይኔ ሲሄድ ወጥ ቤቱ አብሮ ሄደብኝ" አለች። "ይቺንም ከወሰዳችሁብኝ እዚህ ቤት ከሶፋው ላይ ያለ ትራስ ነው የምሆን።"

"ታዲያ እህት ዓለም፣ ለምን ትዘገያለሽ?"

"እኔ የት ዘገየሁ? ያንተው ገጽ እንጂ! ይኸው ስማው።"

ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋችው። ጉንፋን የያዘው የቀበሌ ሊቀመንበር የሚመስል ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

"ማስፈንጠሪያ፣ መነሻ። ማስፈንጠሪያ፣ ስለ እኛ። ማስፈንጠሪያ፣ የመሥራቹ መልእክት። ማስፈንጠሪያ፣ የመሥራቹ የሕይወት ታሪክ። ማስፈንጠሪያ፣ የመሥራቹ ምክሮች። ማስፈንጠሪያ፣ የመሥራቹ ምክሮች፣ ክፍል ሁለት። ማስፈንጠሪያ፣ የመሥራቹ ፎቶግራፎች..."

መሥራቹ እኔ ነኝ።

"ይኼን የምትሰሚው መጀመሪያ ስትገቢ ብቻ ነው አይደል?" አልኳት፣ ላቤ እየመጣ።

"ገጽ በተከፈተ ቁጥር ነው! አንድ ጥያቄ ከፈትኩ፣ አንተ። ወደ ሌላው ሄድኩ፣ አንተ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ እንኳ በዕድሜው ሙሉ ይኼን ያህል ስለ ራሱ አላወራኝም።"

እኔማ ዓይኔ ዝርዝሩን ዘሎ በቀጥታ ጥያቄው ላይ ያርፋል። እሷ ግን እኔን በየደረጃው ሳትሳለም አታልፍም።

መድኃኒቱን አውቀው ነበር። በገጹ አናት ላይ አንዲት ማስፈንጠሪያ ትደረጋለች፤ የተጫናትን ሰው ዝርዝሩን ሁሉ አሳልፋ ዋናው ነገር ላይ ታደርሰዋለች። ከሰዓት በኋላ ሠራኋትና ደወልኩ።

"ደረሰችሽ?"

"ደርሳለች። ከፎቶግራፎችህ በኋላ።"

ለካ ከስሜ በላይ ሌላ ነገር ማስቀመጥ እጄ እምቢ ብሎኝ ከዝርዝሩ ግርጌ ሰክቻት ኖሯል። ሰርጉ ካለቀ በኋላ የሚታደል የጥሪ ካርድ! እያፈርኩ ወደ አናቱ አወጣኋት። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ዝለል ይለኛል።"

ማስፈንጠሪያዋ ላይ "ወደ ዋናው ይዘት ዝለል" ብዬ ነበር የጻፍኩት።

"ዝለይ ማለቱ ነው" አልኳት።

"ወንድ ሆኛለሁ እንዴ? ደግሞስ በዚህ ጉልበቴ ወዴት ነው የምዘል?"

"ዝለይ" ብዬ ቀየርኩት። ሰብሳቢው አየውና "ማንን ነው ዝለይ የምትለው?" ብሎ ተቆጣ። "ይዝለሉ" አልኩ። እሷ ደግሞ "አሁንስ የስፖርት አስተማሪ መጣብኝ" ብላ ሳቀች። እንግሊዝኛ ለንጉሡም ለዘበኛውም በአንድ ቃል ዝለል ብሎ ይገላገላል። አማርኛ ግን የሚያናግረውን ሰው ሳያውቅ ማንንም አያዘልልም። ለአንዲት መስመር ግማሽ ቀን ተቀምጬ ጢሜን አከክሁ፤ መሥራቹ!

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳት ሲደክመኝ።

"ያልኩህን ጻፍ።"

"ምን አልሽኝ?"

"ሰላምታው ይቆየንና ወደ ጉዳዩ።"

ጻፍኩት። ወንድ የለበት፣ ሴት የለበት፣ አንቱ የለበት።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ሳንዘጋ አብረን ጠበቅን። እኔ በዚህ ጫፍ ጥፍሬን እበላለሁ፣ እሷ በዚያ ጫፍ ሻይዋን ፉት ትላለች። የጥያቄው ደወል ሲያንጫርር ያ ጉንፋናም ድምፅ "ሰላምታው ይቆየንና ወደ ጉዳዩ" አለ፤ ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው ስለ እኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጥያቄውን አነበበ።

"እማማ፣ ማዳም ጋሻ አምጪ አለችኝ። የምን ጋሻ? ሾርባ ቀርቦ ሁሉም ቁጭ ብለው ያዩኛል። ምን መጥቶ ነው?"

እኔ ብሆን ጦሩንም ጨምሬ ፍለጋ እወጣ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን እየቀዳች ነው።

"ጋፍሻ ነው ያለችሽ ልጄ፤ ማንኪያ ነው። ማንኪያ ውሰጂላት፣ ጦርነት የለም።"

ጥቂት ቆይቶ ከልጅቷ መልስ መጣ። "ሾርባው ሳይበርድ ደረስኩ፤ ማዳም ሳቀች።"

ሱራ ውስጥ አንዲት ሴት እልል ስትል፣ ከኋላዋ የራሷ ማዳም "ምን ሆንሽ?" ብላ በአረብኛ ስትጮህ በስልኩ ሰማሁ።

በማግስቱ ሰብሳቢው ደወለ። እሱ የልጆቹን ምስጋና ያነባል እንጂ መልሱን ከፍቶ አይሰማም።

"ጋሼ፣ አዲሷ መላሽ ጎበዝ ናት! ከየት አመጣሃት?"

"ከሱራ።"

"እሷው ትቀጥል። የቀድሞዋ አልከፋትም?"

"ኧረ ምንም አልከፋት" አልኩት። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

የምሥራቹን ልነግራት ደወልኩ። ልማድ አይለቅምና በጤናዋ ጀምሬ፣ በማዳም አልፌ፣ የማዳም እናት ላይ ስደርስ ሰላምታው ይቆየን አለች። ቦታው ያንቺ ነው አልኳት። እሷም አላህ ይስጥህ ብላ መረቀችኝ፤ "የምክሮችህን ክፍል ሁለትም አጥፋልኝ" ብላ ጨመረች። አጠፋሁ።

በሌላው ቀን እንደገና ደወልኩ።

"ሰላምታው ይቆየንና ወደ ጉዳዩ" አለች ገና ሳልጀምር።

"ጉዳይ የለኝም" አልኳት። "የደወልኩት ለሰላምታው ነው።"

ሻይዋን ፉት ስትል ሰማኋት።

"እንግዲያው ጋሼ፣ ምንም እንዳትዘል" አለችኝ። "ከድመቷ ጀምር።"