የሐያት አክስቶች

ከኮምቦልቻ የወጣን ማታ እህቴ ሐያት አዲሱን ጫማዋን አላደርግም አለች። ሱዳን ስገባ ነው፣ አለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። የደም ካንሰር አለባት ተባለ፤ ካርቱም ሰው ቤት የምትሠራው አክስታችን ዘሀራ፣ እዚህ ሐኪም አለ፣ አምጧት ብላ ላከች። እናቴ አራስ ስለነበረች እኔ ወሰድኳት። ድንበሩ ላይ ፖሊሱ እኔን ወረቀት ሲጠይቅ እሷ ጫማዋን ታሳየዋለች።

ኮምቦልቻ ይሞቃል የምንል ሰዎች ካርቱምን አላየንም። የሱዳኖቹን ስስ ኪስራ ስትቀምስ ሐያት፣ «ይሄ እንጀራ እንደኔ ከስቷል» አለች።

ሆስፒታል፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ደም ያስፈልጋታል፣ ምትኩን ዘመድ ይስጥ አሉን። ያለነው ሁለት ነን። ዘሀራ፣ «ዓርብ ይድረስ ብቻ» አለች።

ዓርብ ሰው ቤት የሚሠሩት የወሎ ሴቶች እረፍታቸው ነው፤ ሳጃና የሚባል ሰፈር አንዷ ክፍል ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። የዚያን ዓርብ ዱዓውን ትተው ሆስፒታሉ በር ድረስ መጡ። አሥራ አራት ናቸው።

ዘበኛው፣ «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ እነዚህ ማን ናቸው?» አለኝ።

«አክስቶቿ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አያትህ ሌላ ሥራ አልነበራትም?»

ዘሀራ ከኋላዬ፣ «አያቶቹ ሁለት ናቸው» አለችው። ሳቀ። «ያላ፣ ግቡ።»

አንዷን ደምሽ ያንሳል ብለው መለሷት። «ታዲያ ሦስት ፎቅ የምጠርገው በምኔ ነው?» ብላ ተቆጣች። ደም ካልሰጠሁ ሌላ ልስጥ ብላ፣ በሐያት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳፋ እየመታች መንዙማ ጀመረች። የክፍሉ ልጆች ሁሉ አጨበጨቡ፤ ሱዳናውያን እናቶች እልል አሉ። ነርሷ ልትቆጣ ገብታ እሷም አጨበጨበች። በማግስቱ መድኃኒቱ ተጀመረ።

ሐያት ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረች። ያንን ጊዜ የሐዘን አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። በየዓርቡ አክስቶቿ ይመጣሉ፤ እሷ ትስቃለች።

ከቀበርናት በኋላ እናቴ በስልክ፣ «በቃ ና፣ ልጄ። እዚያ ማን አለህ?» አለችኝ። መሄድ እፈልግ ነበር። ዛሬም እፈልጋለሁ። ግን ያኔ ሐያት ከነበረችበት አልጋ አጠገብ ከጎንደር የመጣ ልጅ ተኝቶ ነበር፤ አባቱ ዓረብኛ አያውቅም፣ ሌላ ሰው የላቸውም።

«እዚህ አንድ የጎንደር ልጅ አለ፤ አጎቱ ነኝ ብዬ ለዓርብ ደም ልሰጥ ተመዝግቤያለሁ» አልኳት።



«ምን ይበላል?» አለችኝ።