በዓለቱ ሥር የተዘረጋ ሣር

በጋውን ሙሉ ሲግል የከረመ ድንጋይ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ። ትናንት ከሰዓት ከደጄ ደረጃ ላይ ተነሣ። ሌላውን ሰው ያ ሽታ እርሻ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን ግን የገዥውን ጸሐፊ እጅ ነው የሚያስታውሰኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ነቀምቴ ገበያው አጠገብ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም በማይበልጥ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልቆየሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ሳሙና በምንጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ግጥሙ ግን ከጋዜጣ አልመጣም። ከከተማው ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ሣሩ ሰው በሚውጥበት ሜዳ ላይ፣ ከጥንት ጀምሮ የቆሙ ዓለቶች አሉ። ማር ልገዛ በወረድኩ ቁጥር የዚያ አገር ሽማግሌ ባለማር በዓለቶቹ መካከል እያዞሩ፣ ጥላ ስናገኝ እያረፍን፣ የአንዱን ዓለት ታሪክ ዛሬ፣ የሌላውን በሚቀጥለው ጉዞ ይነግሩኝ ነበር። ስለ ትልቁ አራት ስንኝ ቋጠርኩ፤ ለእሳቸውም በኦሮምኛ አሰማኋቸው። የኔ ነው የምለው ነገር ያ ብቻ ነበር።

ጸሐፊው ሲጋራ ሊገዛ ሲመጣ ግጥሙን ጀመርኩለት። ከአዲስ አበባ የመጣ የተማረ ሰው ነው፤ ያርመኛል ብዬ።

ጀርባውን ለነፋስ፣ ፊቱን ለሣር ሰጥቶ፣
ሾላ አሳደገ፣ ከደረቱ አውጥቶ።

«ድገመው እስቲ፣ ቀስ ብለህ» አለና በሲጋራው ፓኮ ላይ ጻፈው። ልቀጥል ስል ላምባ የሚገዙ ሴትዮ ገቡ። እሱም ስለ ማን እንደተገጠመ እንኳ ሳይጠይቀኝ ወጣ።

በሳምንቱ ነጋዴው ከገዥው ግብዣ ተመልሶ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጸሐፊው ለገዥው የውዳሴ ግጥም አቀረበ። ጀርባቸው ለነፋስ፣ ሾላቸው ለሕዝቡ ጥላ ነው አለ። ካባ ተሸለመበት።» ፊቴን ሲያይ ግጥሙ የኔ መሆኑ ገባውና ሳቁ ጠፋ። «አንተ፣ ስኳር እንኳ ሳትመዝን አትሰጥም፤ ይህን እንዴት ዝም ብለህ አፈሰስከው? አሁን ደግሞ አፍህን ያዝ፤ ሱቄን እንዳታዘጋብኝ።»

አፌን ያዝኩ። ቂሜን ግን እንደ ፍም አመድ አልብሼ አቆየሁት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ገዥው ለአዲስ አበባ እንግዶቻቸው ዓለቶቹን ሊያሳዩ ተነሡ። ጸሐፊው ኦሮምኛ አይሰማም፤ አስተርጓሚ ሲፈለግ እኔ ቀረብኩ። መኪናው መንገዱ እስካለበት ወሰደን፤ ከዚያ በበቅሎ ሆነ። የደረቀው ሣር በየእርምጃው ይንሿሿል። ደመናው ፀሐዩን ሸፈን ገለጥ ሲያደርገው ዓለቶቹ አንዴ ይጠቁራሉ፣ አንዴ ይቀላሉ። ጸሐፊው ካባውን ደርቦ ከፊቴ ይሄድ ነበር።

ሽማግሌው ትልቁ ዓለት ሥር ጠበቁን። ጀርባው በነፋስ ተልጧል፤ ፊቱ ወደ ሣሩ ነው፤ ከደረቱ ስንጥቅ ሾላ ወጥቷል። ገዥው በቅሏቸውን ገቱ። ዓለቱን አዩ፤ ጸሐፊውን አዩ።

«ይህን ድንጋይ ከዚህ በፊት አይተኸዋል?»

«ዛሬ ገና ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔን ያልክበት ግጥም እኮ ይኸው ቆሟል።»

ሽማግሌው ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። ግጥሙን ጨምሬ ነገርኳቸው። «ኢልማ ኮ፣» አሉ እየሳቁ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይህማ ያንተ ነው። ቀሪውን ለማን አስቀመጥከው?» አስተርጓሚ ነኝና ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ ለገዥው ተረጎምኩላቸው።

«ቀሪውን በል» አሉኝ ገዥው።

ስንቱ ጌታ አለፈ፣ ከጥላው ተነሥቶ፣
እሱ ግን አልሸኘ፣ ደጁ ድረስ ወጥቶ።

እንግዶቹ ወደ መሬት አዩ። ገዥው ግን፣ «እውነት ነው። እኔንም አይሸኘኝም» አሉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ሳይዞሩ፣ «ካባውን አውልቅ። ቢሮም እንዳላይህ።»

ሽማግሌው አዘኑለት። ከምንጩ ዳር እርጥብ ሰርዶ ነቅለው አስያዙትና ወደ እኔ መሩት። በዚያ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የለመነህን፣ የአባትህ ገዳይ እንኳ ቢሆን፣ አታሳፍረውም። ሣሩን ከተቀበልከው ነገሩ አለቀ። ገዥውም ይህን ስለሚያውቁ ዓይናቸውን ከእጄ አልነቀሉም፤ እኔ ብቀበል ምሕረት ሊያደርጉለት ነበር።

ጸሐፊው ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ሱቅ ሲመጣ «አንተ ልጅ» ነበር የሚለኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ተቀበለው» አሉ ሽማግሌው።

እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ። «ድገመው እስቲ» አልኩት፤ «ቀስ ብለህ።»

ደገመው። ያኔ ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ጀመረ፤ ዓለቱም ሸተተ። እንደገና ደገመው። ውሃው ከሣሩ ጫፍ በክርኑ በኩል ይወርድ ነበር። እጆቼን አልፈታሁም። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣ «ወንድሜ» ያለበት ድምፅ አብሮት ይመጣል፤ ይጣፍጠኛል።

በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ሣሩን ተቀብለው ዓለቱ ሥር አኖሩት።

ክረምቱ ሲወጣ ማር ልገዛ ወረድኩ። «አካም ቡልታን?» አልኳቸው፣ እንደ ወትሮው። ሰላምታዬን መለሱልኝ፤ ማሩንም አቀረቡልኝ። ታሪካቸውን ገና ያልሰማሁት ብዙ ዓለቶች ነበሩ። ከሣሩ መሐል ጎንበስ ወዳለችው ትንሽ ዓለት ጠቆምኩና፣ «የዚችስ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩዋት።

«ድንጋይ ናት» አሉኝ።