የሜዳው አሚን

የእኛ አገር ሰው ምርቃት ሰምቶ ዝም አይልም። ልጅ ውሃ አቀብላ «እደጊ» ስትባል አሚን ትላለች። ነጋዴ «ገበያ ይቅናህ» ሲባል አሚን ይላል። መንገደኛ እንኳ ቆም ብሎ «ዘንድሮ ረቢ ዝናቡን ይስጠን» ካለ ከየበሩ አሚን ይመልሱለታል፤ ማን ይሁን ማን አይጠይቁም። ምኞት ሰምቶ መልስ መንፈግ ነውር ነበር። ይህን ስነግራቸው የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የማወራው እነሱ ሳይወለዱ ስለነበረችው ጅማ ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። ጅሬን ዳገቱ ሥር፣ ከቤታችን ጓሮ፣ በርጩማና አልጋ ይሠራል። ከታች በኩል ትንሽ የቡና ማሳ ነበረችን። ነበረችን ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ መሬቷ የባለርስቱ ነበረች፣ የለቀምነውም ቡና ግማሹ ወደሱ ቤት ይሄድ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤቶች እኛ ቤት ለዱዓ ይሰበሰባሉ። ጫቱ መሀል ይቀመጥና አባቴ መዳፉን ዘርግቶ ይጀምራል፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ማሰሪያውን በዐረብኛ። «ረቢ ነጋ ኑፍ ሃ ኬኑ፣ ሰላሙን ይስጠን» ሲል ወንዶቹ አሚን ይላሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ እኛ ሴቶቹ። ሰዉ የሱ ዱዓ ትደርሳለች ይል ነበር። እሱ ግን «የኔ አፍ ምን አላት» ይላል። «የብዙ ሰው አሚን ናት መሬት ጠብ የማትለው።»

የመሬት አዋጁ የተነገረ ቀን አባቴ ሬዲዮኑን አቅፎ አለቀሰ። አቅፎ ስላችሁ አቅፎ ነው፤ እናቴ ሽቦው እንዳይበጠስ ከእጁ ልትቀማው ስትታገል አይቻለሁ። ከዚያ በፊት እኛ ቤት ስለ መንግሥት አይወራም ነበር። መንግሥት ሩቅ ነው፣ ቅርቡ ባለርስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አባቴ ዜና ሳይሰማ ምሳ አይቀምስም። ታላቅ ወንድሜ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ቅዳሜ ቤት ሲመጣ አባትና ልጅ እስከ መግሪብ ይከራከራሉ። እናቴ «ወጡ ቀዘቀዘ፤ አብዮቱ የትም አይሄድባችሁ፣ ብሉ» እያለች ትቆጣቸዋለች። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት መፈክር ተምሬ እመጣና ስዘምር እንባዬ ይመጣል። ቤታችን እንደዚያ የሞቀበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ያለፈውን አይቶ «እኔስ ያኔም ገብቶኝ ነበር» የሚል ሰው ያናድደኛል። ማንም አልገባውም። ደስ ይል ነበር፣ በቃ።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩን ሰው ሜዳ ላይ ሰበሰቡን። ወንዶቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ከኋላ ዛፎቹ ሥር፤ እኔ ከተማሪዎቹ ጋር በጎን ቆሜያለሁ። ካድሬው ከሌላ አገር የመጣ ጎረምሳ ነው፣ የእኛን ልማድ አያውቅም። «መሬት ላራሹ!» ብሎ ግራ እጁን ጨብጦ ሲያነሳ፣ ሽማግሌዎቹ በግራ እጅ ምን ደግ ነገር ይባላል ብለው ቀኛቸውን ዘረጉና «አሚን» አሉት። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረስን። ካድሬው «አባቶቼ፣ ይሄ እኮ ዱዓ አይደለም፣ ፖለቲካ ነው፤ እንደኔ በሉ» ብሎ ለመነ። ማን ሰምቶት። ትምህርት ለሁሉም ሲል አሚን፣ ሥራ ለሁሉም ሲል አሚን። ሰልችቶት ተወው። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የሕዝብ ጠላቶች ይጥፉ! ዘራቸው አይብቀል!» አለ። አባቴ ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሆዱ «አሚን» አለ። ሜዳው በሙሉ ተቀበለው። የሕዝብ ጠላት ያኔ ለእኛ ባለርስቱ ነበር፤ ሌላ ጠላት አናውቅም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጠላት የሚባለው ሰው ተለወጠ። የኮሌጁ ተማሪዎች ከመንግሥት ተጣሉ፣ እርስ በርሳቸውም ተጣሉ። ወንድሜ ቅዳሜ ቢመጣም ከአባቴ ጋር አይከራከርም፤ በልቶ ይተኛል። አንድ ጠዋት አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሰኮሩ ኬላ ላይ አወረዱት። የነገረን አብሮት የተሳፈረ የቡና ነጋዴ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ነግሮን፣ ግባ ብንለው እምቢ ብሎ፣ ግራ ቀኙን እያየ ሄደ።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ የወንድሜ ስም ከሌሎች ጋር ተጠራ። የሕዝብ ጠላት ናቸው ተባለ። አባቴ አጠገቤ ነበር፤ እጁን ያዝኩለት። ቤት ስንደርስ ጓሮ ወስዶ አስቀመጠኝ።

«እርግማን ስም አይጠይቅም ልጄ» አለኝ። «ከላኩት በኋላ ያገኘው በር ይገባል።»

ምን ለማለት እንደፈለገ ገባኝ። «አባዬ፣ እርስዎ እኮ ባለርስቱን ነው ያሉት።»

«መቼ ባለርስት አልኩኝ?» አለ። «ጠላት ነው ያልኩት። ረቢ ያልኩትን ሰማ።»

ከዚያ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ። አልነገርኳትም።

ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አባቴ ለዱዓ አፉን አልከፈተም። ጎረቤቶች ፈርቶ ነው ብለው አሰቡ፤ እነሱም ፈርተው ነበርና አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። እናቴ ግን አልለቀቀችውም። እሷ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጇ በሕይወት አለ፣ የባሏ ዱዓ ትደርሳለች፣ እሱ ካለለት ልጁ ይመጣል። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ምንጣፉን ታነጥፍና ፊቱ ትቀመጣለች። «ለልጄ ይበሉለት። እርስዎ ካላሉለት ማን ይልለታል?» አባቴ «አፌ ታሟል» ይላል። እሷ ትለምናለች፣ እሱ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። እኔ መሀላቸው ሆኜ ዓመታት አለፉ። አባቴ የልጁን ስም በአፉ ከጠራው እንደገና የሚገድለው ይመስለው ነበር። ይህን ለሷ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ስብሰባው መቼ ቀረ። ሰዉ ይሄዳል፣ ግራ እጁን ያነሳል፤ ቀኙን የሚዘረጋ የለም፣ አሚን የሚልም የለም። መጀመሪያ የምንፈራው እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ መኪና ሲቆም ውሃ የሚያደርግ። በኋላ ፍርሃቱም ደከመ። ሬዲዮኑ ስለ ድል ሲደነፋ እናቴ «ዝጊልኝ፤ ቀበሌ ስኳር ይምጣ አይምጣ እሱ አይነግረኝ» ትላለች። በመፈክር የማለቅሰው እኔም መናደድ አቃተኝ። ሰው መናደድ ሲያቅተው ምን ያህል እንደሚያሳዝን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ከተማው እንደገና ሞቀ። ወጣቶች መኪና ላይ ተሰቅለው ይጨፍራሉ፣ በየሰፈሩ አዲስ መፈክር ይሰማል። እናቴ ሻሿን አሳምራ አስራ መንገድ ዳር መቆም ጀመረች፤ እስር ቤት ተከፈተ ሲሉ ሰምታለች። የመጣው ግን ልጇ አይደለም። ከወንድሜ ጋር ታስሮ የነበረ የኮሌጅ ጓደኛው ነው፤ ከተፈታ ወዲህ አጋሮ ገጠር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ኖሯል። እናቴ እግር ሥር ተቀመጠና «እስከዛሬ ፈርቼ ነው፣ አውፍ በሉኝ» አለ። ወንድሜ የተገደለው ገና በተያዘ ሰሞን ነው።

ጎረቤት ሊያጽናናን ለታዚያ ተሰበሰበ፤ ያ ስንት ዓመት ባዶ የነበረው ሳሎን ሞላ። ውጭ መኪና በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን ለሰልፍ ይጠራል። አንድ የሰፈር ልጅ በበሩ ብቅ ብሎ «አባ፣ ይውጡ እንጂ፣ ጠላትዎ ወደቀ እኮ» አለው፤ ደግ ነገር መናገሩ ነበር። አባቴ «ደስ ይበላችሁ ልጄ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሽማግሌዎቹ አባት ነህና ጀምር አሉት። መዳፉን ዘረጋ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ጠበቁት። አንዱ አሳለና ሊጀምርለት ሲል ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከአጠገቤ፣ እናቴ ጀመረች። እኛ ዘንድ ሴት ወንዶች ተቀምጠው ዱዓ አትመራም፤ ማንም ግን አላቋረጣት።

«ያ ረቢ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄን ማርልኝ። አንተ ዘንድ ነው ያለው፣ አደራህን።»

አሚን አሉ።

«ያ ረቢ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ የተባለችውን አሚን አትያዛት። የተናገረው አፍ አያውቅም ነበር።»

ወንዶቹ ነገሩ አልገባቸውም፣ አሚን ግን አሉ። አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነና እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ወንድሜ ከተያዘ ወዲህ አንድ ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ እናቴን ጓዳ ተከትያት ገባሁ። እኔ እንዳልነገርኳት ለአባቴ ልማልለት ፈልጌ ነበር። «እማዬ፣ አባዬ አሚን ማለቱን ማን ነገረሽ?» አልኳት።

ሰሃኑን ማጠብ አላቆመችም። «ማን ይነግረኛል?» አለች። «ዛፉ ሥር አልነበርኩም እንዴ? ከሱ አስበልጬ ጮኼ ያልኩት እኔ ነኝ።»