ዝም ብለህ ሥራ ያልኩት ፕሮግራም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጉዳይ ለማስጨረስ ከአንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ የምታስተናግደን ልጅ ኮምፒውተሯን ትክ ብላ ካየች በኋላ "ሲስተም የለም፤ አረፍ በሉ" አለችን። ሕዝቡ ለምዶታልና አረፍ አለ። እኔ ግን ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁት። የፕሮግራሙ መስኮት ነጭ ለብሶ ደርቋል። ምን እንደነካው ወዲያው ጠረጠርኩ። "ልጄ፣ ሲስተሙማ አለ። ሌላ ፕሮግራም ሥራ ልኮ፣ እሱን ሲጠብቅ ነው የደረቀው" አልኳት። ፈገግ ብላ "አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ይሄን ከየት ያውቃሉ?" አለችኝ።

ከየት እንደማውቅ ለእሷ ለመንገር ሰልፉ አልፈቀደም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ፈትቶ የገጠመ፣ ከገጠመም በኋላ የሠራለት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እኔ እቀድመዋለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። ፕሮግራም መጻፍን የተማርኩት ከደሴ በገዛሁት፣ ሽፋኑ በተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። አንዲት ገጽ ለመረዳት መዝገበ ቃላት ታቅፌ ሳምንት የምቀመጥበት ጊዜ ነበር። ያኔ ሚስት አላገባሁም፤ ጸጉሬ ጥቁር፣ ዓይኔም ያለ መነጽር መርፌ የሚያይ ነበር።

ሱቄ የአንድ ክፍል ግማሽ ናት። በሌላው ግማሽ ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምሴ መኪናቸውን እየረገጡ ይሰፋሉ። እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ካሴት እገለብጣለሁ። የካሴት ሥራ ያኔ ብዙ ነበር፤ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሰው ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፁን ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበርና።

ይህን ሥራ ለማቅለል አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። መስኮቱ አረንጓዴ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ፣ ጽሑፉ አማርኛ። "ጀምር" የምትለውን ስትጫኗት የተቀዳውን ድምፅ ቦታ እንዳይፈጅ ጨምቃ የሦስት ሰዓት ወሬ አንዲት ሲዲ ላይ ታስገባለች። ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል። እርግጥ ድምፁን የሚጨምቀው የእኔ ፕሮግራም አልነበረም። ሌላ ሰው የጻፈው፣ መስኮትም ቁልፍም የሌለው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የእኔው ከጀርባ ቀስቅሶ ሥራውን ይሰጠዋል። በእኛ ሙያ ቀስቃሹን ወላጅ፣ የሚቀሰቀሰውን ልጅ እንላቸዋለን።

ይህ ልጅ ታዲያ ለፍላፊ ነው። አንድ ከመቶ ጨረስኩ፣ ሁለት ከመቶ ጨረስኩ እያለ ጥቁር መስኮት ከፍቶ በእንግሊዝኛ ይዘረግፈዋል። ደንበኛ እያየ ይህ አላማረኝም። አንደኛ፣ ሥራው የእኔ ብቻ መምሰል ነበረበት። ሁለተኛ፣ በእኛ አገር ሥራ የተላከ ልጅ በየመንገዱ አይለፈልፍም፤ ሄዶ፣ ጨርሶ፣ ተመልሶ ሲጠየቅ ይናገራል። እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን መስኮት ደበቅሁት። ልጁ የሚናገረው ሁሉ፣ ፕሮግራሞች ወሬ በሚቀባበሉበት፣ ቧንቧ በምንለው መስመር ወደ ወላጁ እንዲመጣ፣ ወላጁ ግን ቧንቧውን የሚከፍተው ሥራው ሲያልቅ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። በአምስት ደቂቃ ዘፈን ሞከርኩት፣ ሠራ። በአሥር ደቂቃ ሞከርኩት፣ ሠራ። በኩራት ደረቴን ነፋሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ ከተማው ጭድ ጭድ ይሸታል፤ ወደ ደሴ የሚሄዱት የእህል መኪኖች በአቀስታ መንገድ አቧራውን እያጨሱ ይወጣሉ። እማማ ዘሀራ ሁለት ካሴት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ቤታቸው ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከድጃ የምትባለው ልጃቸው ዓረብ አገር፣ ጅዳ ከተማ፣ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በየጊዜው ካሴት ትልካለች፤ እናትየው ይሰማሉ፣ ይመልሳሉ። አባትየው አባባ ይማም ግን አንድም ቀን ሰምተው፣ አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። አንድ ጊዜ ልጅቱ የስልክ ቀጠሮ ብታስይዝም አልመጡም። ቁጡ ሆነው ወይም ጠልተዋት አልነበረም። "የሄደች ልጅ ስትመለስ ቁጭ ብላ ታወራኛለች፤ እስከዚያ ሥራዋን ትሥራ" ባይ ናቸው።

ከድጃ በመጨረሻው ካሴት ያለችው እንዲህ ነበር፦ "አባቴ ሞቷል፤ እናንተ ደብቃችሁኛል። ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ፤ ለቅሶዬን እቀመጣለሁ።" አይፈረድባትም። ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ መደበቅ ልማዳችን ነው። ውሏ ሊያልቅ ግን ጥቂት ወር ነበር የቀረው፤ አሁን ጥላ ከመጣች የሁለት ዓመት ልፋቷ በከንቱ ይቀራል። ወደ እሷ መደወል አይቻልም፤ የቤቱን ቁጥር የሚያውቅ የለም። ደብዳቤ ቢላክ ማንም ሊጽፈው ይችላል ትላለች። የሚያሳምናት የአባቷ ድምፅ ብቻ ነው። አባባ ይማም ይህን ሲሰሙ ደንግጠው ቴፕ ተውሰው ሁለት ካሴት ሙሉ አወሩ። ይሁንና ካሴቱን ያመጣው ሰው እንዳለው፣ ከድጃ ትሰማበት የነበረው ቴፕ የጓደኛዋ ነበር፤ ጓደኛዋም ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች። አሁን በእጇ ያለው ማድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሲዲ ማጫወቻ ብቻ ነው። ሲዲውን የምታደርሰው የጎረቤት ልጅ ሉባባ በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት በእህል መኪና ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ጅዳ ትሄዳለች።

ካሴቶቹን በዕለቱ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እማማ ዘሀራ የባቄላ አሹቅ ይዘው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔም ጣቴን ከፍ አድርጌ "ጀምር"ን ተጫንኩ።

አራት ሰዓት ሆነ። መስኮቱ ነጭ ለበሰ። ካሴቱ ረጅም ስለሆነ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ለእማማ ዘሀራም ሊያልቅ ነው አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ መርፌያቸውን እየሰኩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ታዬ፣ ይሄ መሣሪያህ ጾም ያዘ እንዴ?"

"እየሠራ ነው" አልኳቸው።

"የኔዋ ስትሠራ ትጮኻለች፤ ያንተዋ ምነው እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፋች?"

እማማ ዘሀራ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፕሮግራሙን በግድ ዘጋሁትና እንደገና አስነሳሁት። አሁን ደግሞ ፋይሉ በሌላ ተይዟል አለኝ። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ብከፍት፣ ለካ የዘጋሁት ወላጁን ብቻ ኖሯል፤ ልጁ ፋይሉን ጨብጦ፣ ሳይሠራም ሳይሞትም እዚያው ቆሟል። አንድ በአንድ መዝጋት እንዳለብኝ ያን ቀን ተማርኩ። አጽድቼ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

እማማ ዘሀራ ፊቴን አይተው ኖሮ አሹቁን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

"አብሽር ልጄ፣ ቅመስ። ምን ሆኖ ነው?"

እውነቱን መናገር ከበደኝ፤ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከጀርባ አንድ ልጅ እንዳለ፣ የሚለውን ሁሉ ቧንቧ ውስጥ እያጠራቀመ እንደሚሠራ፣ ሲጨርስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደምሰማው ነገርኳቸው።

"እስኪጨርስ አትሰማውም?"

"አልሰማውም፤ ሥራውን ይሥራ ብዬ ነው።"

አንዲት የአሹቅ ፍሬ በጣታቸው ላጡ።

"እንዲህ ያለውን እኔ ቤትም አለ" አሉ። "ይማምም ስትመለስ እሰማታለሁ ይል ነበር። የልጅ ወሬ ተጠራቅሞ የት ይገባል? ሞልቶ አነቃት። ይኸው አባቴ ሞቷል አለች።"

እጄ ከአሹቁ ላይ ቀረ። ሞልቶ አነቃት። ቧንቧ እኮ ልክ አለው። ልጁ ይናገራል፣ ቧንቧው ይሞላል፣ ወላጁ አይቀዳለትም። ልጁ የሚናገርበት ቦታ ሲያጣ ሥራውን አቁሞ ሰሚ ይጠብቃል፤ ወላጁ ደግሞ የልጁን መጨረስ ይጠብቃል። ሁለቱም ተፋጠው እስከ ዕለተ ምጽአት ይቆማሉ። የአምስት ደቂቃ ዘፈን ቧንቧውን ስለማይሞላው ነው የሠራልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እንዲህ በፍጥነት የሚሠራ ሰውም አላውቅም። ወላጁ ልጁ ደጃፍ ቆሞ መጠበቁን አስቀረሁ። በምትኩ በየግማሽ ሰከንዱ መጥቶ ከቧንቧው እንዲቀዳ፣ የሰማውንም ቁጥር በአረንጓዴው መስኮቴ ላይ እንዲጽፍ አዘዝኩት። ስድስት ሰዓት ሲሆን "ጀምር"ን ተጫንኩ። አንድ ከመቶ። ሁለት። መስኮቱ አልነጣም። ያን ነጭ የለበሰበትን ቦታም አለፈ።

"አሁን ይናገራል?" አሉ እማማ ዘሀራ።

"ይናገራል።"

"ትሰማዋለህ?"

"እየሰማሁት ነው።"

ጋሽ ደምሴ መኪናቸውን አቁመው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ ቁጥሩንም ጮክ ብለው ይቆጥሩልን ጀመር። ሲዲው ተጽፎ ሲወጣ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ነበር የቀረው። አንጠልጥዬው ሮጥኩ። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል፤ ሉባባ በመስኮት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ከድጃ ሰምታው ይሁን ሳትሰማው፣ እኛ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ብቻ ጠበቅን።

ከወር በኋላ ከድጃ ያስያዘችው የስልክ ቀጠሮ ወረቀት ከቴሌ መጣ። በዚህ ጊዜ አባባ ይማም ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ንጹሕ ኩታ ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ስልክ ይዘው ስለማያውቁ እኔ ወደ ቴሌው ስልክ ክፍል አብሬያቸው ገባሁ፤ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቱ ስታለቅስ ድምፁ ከእጀታው አልፎ እስከ ውጭ ይሰማል። አባባ ይማም አላለቀሱም። አልመከሩም፣ አልመረቁም። ከዚያ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ የተናገሩት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ልጅቱ ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆመች ቁጥር ይደግሟታል፦

"ከዚያስ?"

ከድጃ ውሏን ጨርሳ፣ ሌላም ጨምራ መጣች። አባባ ይማም ካረፉ ቆይተዋል፤ እማማ ዘሀራ ግን እሷ ባሠራችላቸው ቤት አሉ። እኔም ባለፈው ዓርብ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ይህን ታሪክ በየሰርጉና በየለቅሶው ቤት ስተርከው የቧንቧውን ነገር የደረስኩበት እኔ ነኝ እያልኩ ኖሬያለሁና፣ ያን ቀን ያሉኝን አስታወስኳቸው። ጨርሶ አላስታወሱትም። "እኔ የማስታውሰው አንድ ጫማህን ጥለህ ስትሮጥ ነው፤ ደምሴ ይዞልህ ሲከተል" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ጫማውንም እኔ ረስቼው ነበር። በኔ ዕድሜ ብዙ ሰው የሚኮራበት ነገር እየጎደለበት ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ ተመስገን ተርፎኛል። ከዚያ ላይ የእማማ ዘሀራን ድርሻ ቆርሼ ብሰጥ ምንም አይጎድልብኝም፤ ብቻ ይህ የገባኝ ትንሽ ዘግይቶ፣ ዘንድሮ ነው።