ጉልበቴ የከዳኝ ስቅለት

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በስቅለት ቀን፣ በልጄ ሳሎን ውስጥ ለስግደት ተደፍቼ መነሣት አቃተኝ።

ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ተዘግቶ ስለነበር ጸሎቱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ልጄና ሚስቱ ከፊት፣ እኔ ነጠላዬን አደግድጌ ከኋላቸው ቆምን። ገና በመጀመሪያው ስግደት ግንባሬ ሲሚንቶውን ነካ፤ ልነሣ ብል እግሬ እንቢ አለ። የሌላ ሰው እግር የተቀጠለልኝ መሰለኝ። በእጄ ተመርኩዤ ሞከርሁ፤ ክንዴም ተንቀጠቀጠ። ቴሌቪዥኑ ኪርያላይሶን ማለቱን ቀጠለ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ምራቴ ዞር ብላ አየችኝ። «እማማ፣ እያለቀሱ ነው?»

«ምን ያስለቅሰኛል? አንሡኝ!»

በብብቴ ገብተው እንደ እህል ጆንያ አነሡኝ። ሶፋ ላይ ሆኜ አንገቴን ብቻ እየደፋሁ ዋልሁ።

እንዴት ይሆናል? እኔ እኮ ስቅለትን ከጧት እስከ ማታ ስሰግድ፣ ወጣቶቹ ዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፉ እያየሁ የምስቅ ሴት ነበርሁ። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለው ቤታችን ገበያ ድረስ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ባጃጅ የጠራልኝን እቆጣለሁ። ስፖርት የሚባል ነገር ሠርቼ አላውቅም። እግሬ ሁልጊዜ እዚያው ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በሽታው ሲመጣ ልጄ «ሽማግሌ ነው የሚገድለው» ብሎ ከግቢ እንዳልወጣ ከለከለኝ። ምራቴ መጥረጊያውን ሳይቀር ከእጄ ወሰደችና «እርስዎ ይረፉ» አለችኝ። ሁዳዴን ቤተ ክርስቲያን እየሄድሁ እሰግድ የነበርሁት፣ ቤት ስቀር ተቀምጬ መጸለይ ጀመርሁ። ስግደት ከቅጽሩ ውጭ የሚደረግ አልመስል ብሎኝ ነው።

ልጄ ግን በየማለዳው ጫማውን አስሮ ወደ ጣና ዳር ይሮጣል። ጭምብሉን አገጩ ሥር አድርጎ፣ በላብ ተጠምቆ ይመለሳል። «ቤት መዋል ሰውነት ይገድላል» ይላል፤ እኔን ቤት አስቀምጦ!

በማግስቱ ነገሩን በአጥር ላይ ለጎረቤቴ አወራኋት። የጨርቅ ነጋዴው እናት ናት፤ እስላም ናት፤ በዕድሜም ትበልጠኛለች። እሷንም ልጆቿ ዘግተውባታል። ታዝንልኛለች ስል ሳቀችብኝ።

«አንቺስ ትነሻለሽ?» አልኋት ተናድጄ።

«ምን ያግደኛል? መስጊዱ ተዘጋ እንጂ ምንጣፌ አልተዘጋ! በቀን አምስት ጊዜ እደፋለሁ፣ እነሣለሁ። አንቺ ጉልበትሽን ለስቅለት ስታጠራቅሚው ዛገብሽ!»

ይህን ብላ ቁጢጥ አለችና ምንም ሳትይዝ ብድግ አለች።  ሁለታችንም ተዘግቶብናል፤ እሷ እግሯ አለ፣ የእኔ የለም። ሳያመኝ፣ ሳይነግረኝ ነው የሄደው። እንዲህ ከቀጠለ ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት ተሸክመው ነው የሚወስዱኝ።

ፋሲካ ዋለና ሰኞ ማለዳ ልጄ ጫማውን ሲያስር ዱላዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምሁ።

«ወዴት ነው እናቴ?»

«አንተ ወደምትሄድበት።»

«በሽታው እኮ እንደ እርስዎ ያለውን ነው የሚፈልገው!»

«አንተ ይዘኸው ብትመጣ የት ያገኘኛል? ሶፋው ላይ አይደል? ወይ ሁለታችን እንወጣለን፣ ወይ ሁለታችን እንቀመጣለን።»

ምራቴ ከጓዳ ሆና «እውነታቸውን ነው» አለች። ልጄ ጭምብሌን ራሱ አሰረልኝ።

መንገዱ ጭር ብሏል። ድሮ እያወራሁ የማልፈው መንገድ አላልቅ አለኝ። ከሐይቁ ገና ሳንደርስ፣ ዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የውኃው ሽታ ይመጣል፤ ውኃው አይታይም። ልጄ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስቅለት ዕለት ወለሉ አንሸራትቶኝ ነው ብሎ ያስብ ነበር መሰለኝ።

ላነሣዎት ብሎ እጁን ሲዘረጋ በዱላዬ መለስሁት። ስነሣ ተመልሼ ቁጭ አልሁ። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እንደገና ጥርሴን ነክሼ፣ ዱላውን መሬት ውስጥ የምተክለው ይመስል ተጭኜ ቆምሁ።

ሐይቁን ሳናይ ተመለስን። በማግስቱ ግን እሱ ጫማውን ሳያጠልቅ እኔ በሩን ከፍቼ ወጥቼ ነበር።