አሥራ ሁለት የባሌስትራ ቁራጮች

ሜታለርጂ የገባሁት መርጬ አይደለም። ሲቪል ምሕንድስና ሞልቼ ስድስተኛ ምርጫዬ ደረሰኝ። እዚሁ ለቡ ያሉ ዘመዶቻችን ምን እንደምማር ሲጠይቁ አባቴ «ብረት ነው የምትማረው» ይላቸዋል፤ እነሱም ወሬ ይቀይራሉ። እሱ ገበሬ ነው። አብዛኛው እርሻችን ላይ ቤት ተሠርቶበት፣ ፉሪ በኩል የቀረችውን ቁራጭ መሬት እስካሁን በበሬ ያርሳል። ማረሻው ቶሎ ቶሎ እየዶለዶመ ሲያማርር እየሰማሁ ስላደግኩ፣ አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ሥራዬን በዚያው ላይ አደረግኩት፤ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ለማረሻ የሚሆን ጠንካራ ብረት ማውጣት። ስነግረው የፈገገውን ፈገግታ ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም።

አሥራ ሁለት ቁራጭ አስቆረጥኩ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ብረቱን አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ ማሞቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን በዲግሪ መታወቅ አለበት። ወረፋዬ በደረሰ ሳምንት የላብራቶሪው የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቃጠለ። መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም ተባለ። በየቀኑ ከለቡ በሚኒባስ እየሄድኩ በሩን አንኳኳለሁ፤ ቴክኒሻኑ ገና ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አማካሪዬ ርዕስ እንድቀይር መከሩኝ። እምቢ አልኩ። አሁን ሳስበው እልህ ነበር።

ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ፉሪ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ወሰደኝ። ለድንጋይ ጠራቢዎች መሮ የሚሠሩ ሰው ናቸው። የሙቀት መለኪያ የላቸውም፤ ከከሰሉ ውስጥ የጋለውን ብረት አየት ያደርጉና «ደርሷል» ይላሉ። እኔ ግን ስልኬ ላይ የጫንኩትን የጋለ ብረትን ሙቀት በቀለሙ የሚያሳይ ሰንጠረዥ እያየሁ ትንሽ ይቆይ እያልኩ አስጠበቅኳቸው። እንዲያ ያስቆየኋቸው ስድስት ቁራጮች ዘይት ሲነካቸው ተሰነጠቁ። ድምፁ ጣት ሲንቋቋ እንደሚሰማው ያለ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። የቀሩትን ስድስት በራሳቸው ዓይን ሠሩልኝ፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወስጄ ሳስለካቸው ጥንካሬያቸው ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

አማካሪዬ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡና ብረቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደጋለ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«አንቺ የማታውቂውን ሌላ ሰው እንዴት ይድገመው?» አሉኝ። «እኔ ባምንሽም ፈታኞቹ አይቀበሉሽም።»

አልተቀበሉኝም። ለከርሞ ተላለፍኩ።

ቤት አልተናገርኩም። በየጠዋቱ ደብተሬን ይዤ እወጣና ብስራተ ገብርኤል ወርጄ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ ውዬ እመለሳለሁ። ስተኛ ባልነቃ ብዬ የተመኘሁባቸው ቀናት ነበሩ። አባቴ ኮቱን ላውንደሪ ሰጠ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። የምረቃው ቀን ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሲወጣ በሩ ላይ አስቁሜ ነገርኩት። ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ብረቱ ጠንካራ ወጣ አላልሽኝም?»

«ጠንካራ ነው።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ነው የሚሉሽ?»

ኮቱን አውልቆ አጣጠፈና ወጣ። በየጎረቤቱ በር ላይ ድምፁ ይሰማኛል፤ «ልጄ ታማብኛለች» ይላቸዋል። ከዚያ በፊት ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

በዓመቱም ምድጃው አልተጠገነም። ርዕስ ቀየርኩ፤ የሌሎችን ጥናት አንብቤ፣ ብረት በእጄ ሳልነካ ጽፌ አለፍኩ። አባቴ ምረቃዬ ላይ አልመጣም። እርሻ ነው፣ በሬዎቹን ለማን ልተዋቸው አለኝ።

አሁን በየፋብሪካው ማመልከቻ አስገባለሁ። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል። አባቴ ስመለስ ምን አሉሽ ብሎ አይጠይቀኝም፤ እኔም አልነግረውም።