መዝገቡን የታቀፍኩበት ቀን

ልጄ መዝገቡን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስትገልጠው ቀድሞ የተቀበለኝ ጽሕፈቱ ሳይሆን ጭሱ ነበር፤ የቀርከሃ ቤት ጭስ፣ ከጥጃ ሽታና ከእርጥብ ሣር ጋር የተለወሰ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀት ውስጥ ተኝቶ ያልሞተ ጭስ። ተነሣሁ። መስኮቱን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ውሃ ላመጣ ወጥቼ ባዶ ጆግ ይዤ ተመለስኩ። ልጄ ነጭ ጓንቷን እያጠለቀች፣ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ እንጂ" አለችኝ። ቁጭ በይ የሚለውን ቃል በልጅነቴ ያላለኝ ሰው አልነበረም። በቅጡ የታዘዝኩት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም።

ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ በቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መዛግብት ትሠራለች። የጥምቀት መዝገብ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የድሮ ደብዳቤ፣ ጀርባው ላይ ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ ከየአጥቢያው እየለመነች ትሰበስብና ምስጥና እርጥበት በማይደርሱበት ክፍል ታስቀምጣለች። የአርባ ምንጩ መዝገብ አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔ ዘንድ ነበር፤ በማግስቱ ልትወስደው ነው የመጣችው። ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣች፣ ያለበትን ሁኔታ ቅጽ ላይ እየሞላች መካከሉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እዚያ ያሉት ገጾች ፊደል የላቸውም፤ ሰማያዊ ደመና ብቻ ነው ያለባቸው። ትንሽ አየቻቸውና ጻፈች፦ የውሃ ጉዳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ።

ምክንያቱ ከአጠገቧ ጆግ ይዞ ቆሞ ነበር።

መዝገቡን የጀመረችው ከሜኖናይት ሚስዮናውያን ዘንድ ተምራ የመጣች አንዲት ነርስ ናት ይባላል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ሰጠች፤ ማን ተወለደ፣ ማን ተጠመቀ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን አረፈ። ከፊት የከተማው ሰዎች አሉ፤ ከመጨረሻው የላንቴና የምዕራብ ዓባያ፤ መካከሉ የደጋዎቹ ነው፣ ወንጌልን ገበያ ሲወርዱ ሰምተው፣ ኩልፎ ወንዝ ላይ ተጠምቀው ወደ ጉማቸው የተመለሱት፤ የእናቴ አባት ብቻ ደገኛ ሆነው ሳለ ከእኛ ጋር ከፊት ተጽፈዋል። ከነርሷ በኋላ ጸሐፊ የሆነው አባቴ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበርና ስም ሲጽፍም እንደ ቁጥር እንዳይሳሳት ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ገጽ እየገለጠ፣ ሰዉን በየስሙ እየጠራ ይጸልያል። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ አንድ ገጽ ሳይሞላ እነሣለሁ፤ ዶሮ አያለሁ፣ በር አያለሁ፣ ከታች የዓባያን ቡናማ ውሃና የጫሞን ሰማያዊ ውሃ አያለሁ። እናቴ ወፌ ያለችኝ ለዚህ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ አላርፍም ነበር።

በደርግ ጊዜ አንድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያናችን ታሸገ። አግዳሚዎቹን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹን ወሰዱ። መዝገቡን ግን አላገኙትም፤ የፈለጉት ደግሞ እሱን ነበር፣ ስም ያለው እዚያ ነውና። አባቴን ወሰዱትና "መዝገቡን አምጣ፣ ውጣ" አሉት። አባቴ ያለበትን አላውቅም አለ። አልዋሸም፤ እናቴ ሆን ብላ አልነገረችውም።

እናቴ ከታሸገው ቤት ሁለት ነገር አስቀድማ አውጥታ ነበር፦ መዝገቡንና ከቅዱስ ቁርባን በፊት ምእመናን አንዱ የሌላውን እግር የሚያጥብበትን ነጭ ሳፋ። መዝገቡን ሳፋው ውስጥ አስቀምጣ፣ ከላዩ የላንቴ ሙዝ ቆልላ፣ በጭነት መኪና ከእኔ ጋር ወደ አባቷ አገር ወደ ጨንጫ ደጋ ወጣች። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሙዝ እንድትሰጠው ሲለምናት እሷ እየሳቀች ከላይ ከላይ ስታነሣለት፣ ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ክምሩ አልቆ የመዝገቡ ጥግ ሊታይ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት ነበር።

የአያቴ ቤት ከቀርከሃ የተጎነጎነ፣ ረጅም፣ ፊቱ እንደ ዝሆን ግንባር የወጣ ቤት ነው። እናቴ መዝገቡን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቀለለችና እዚያው ቤት ውስጥ ካለው የጥጃ ማደሪያ በስተጀርባ፣ ግድግዳው ድርብ በሆነበት፣ በገመድ አሰረችው። ከዚያ ጆሮዬን ይዛ እንዲህ አለች፦ "ለአያትሽ አትንገሪ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጠይቋቸው መዋሸት አይችሉም።" ለአባቴ ስንቅ ለማድረስ በማግስቱ ወረደች። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ምስጢሩን የማውቀው ደጋው ላይ እኔ ብቻ ሆንኩ።

እናቴ ግን አንድ ነገር ዘንግታ ነበር፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ቆላ ብዙ ተቀምጣ ነው መሰል። የቀርከሃ ቤት ዘላለም አንድ ቦታ አይቆምም። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ ዓመት በዓመት ያጥራል፤ ከጊዜ በኋላ ባለቤቱ ጎረቤት ይጠራል፣ የተበላውን ይቆርጣሉ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክመው አዲስ መሬት ላይ ያኖሩታል። ተጠርቶ የሚቀር የለም፤ የተጣላም ይመጣል።

ወንዶቹ ረጃጅም እንጨት ተሸክመው ግቢ ሲገቡ ነው የሰማሁት። ወደ ጥጃው ማደሪያ ሮጥኩ፤ ሦስት ሰዎች ከነማጭዳቸው ቀድመውኛል። ከመጡት መካከል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አንጁሎ ነበር፤ ረጅም፣ ወፍራም ካፖርት የማይለየው ሰው። ከከተማ ታዝዞ ሁለት ጊዜ "ወረቀት አለ ወይ?" እያለ ቤታችን መጥቷል። አያቴም "ልጄ፣ እኔ ወረቀት ምን ይሠራልኛል?" ብለውት ነበር፣ ከልባቸው። ያን ቀን ግን ሊቀመንበር ሆኖ ሳይሆን ጎረቤት ሆኖ እጅጌውን ሰብስቦ እንጨት ሥር ገባ።

"አባ ዋዴ፣ ፓርሶ የት አለ?" አለ አንዱ ተሸካሚ አያቴን፤ ከገብስ የሚጠመቀውን መጠጥ ማለቱ ነው።

"ወተት አለ፣ ቡላ አለ። መጠጥ ከቤቴ ከወጣ ቆይቷል፤ ታውቃለህ" አሉት አያቴ።

"የጴንጤ ቤት መሸከም ደስ ይላል ጎበዝ፣" አለ ሌላው፣ "ዘፈንም መጠጥም የለበት፤ ይቀላል!"

ሳቁና አነሡት። ቤቱ ከመሬት ሲላቀቅ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እንደ ትልቅ ከብት አቃሰተ። ከሥሩ የብዙ ሰው እግር እያበቀለ፣ እያዜሙ፣ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔም ከኋላው ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ተከተልኩ። ገና ከቦታው ሳይርቅ የእናቴ ገመድ ተበጠሰ። ጥቅሉ ተንሸራቶ አሮጌው ወለል ላይ ወደቀ፣ የደረቀው ቅጠል እንደ ሸክላ ተሰባበረ፣ መዝገቡ መካከሉ ላይ ተከፍቶ ሰማይ እያየ ቀረ። ሰው ሁሉ የሚያየው ቤቱን ነበር። ሮጥኩና ተቀመጥኩበት።

ቤቱ አዲሱ ቦታ አረፈ፤ እልልታው ቀለጠ። እኔ በአሮጌው ቤት ክብ ወለል ላይ፣ ምድጃው አመድ አጠገብ፣ ቀሚሴን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ውሃ ቅጂ ሲሉኝ አልተነሣሁም። ቡላ ብዪ ሲሉኝ አልተነሣሁም። አያቴ ምን እያደረግሽ ነው ቢሉኝ "ቤቱን እየተሰናበትኩት ነው" አልኳቸው፤ ከዚያ የባሰ ነገር ከአፌ ሊወጣ አይችልም ነበር። ሰዉ ሳቀ። ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ወገባቸውን ይዘው፣ "ኧረ ጉድ፣ ወፌ ዛሬ እንቁላል ታቅፋለች!" አሉ፤ ሳቁ ባሰ። ጓድ አንጁሎ አልሳቀም። ወደ እኔ ጥቂት አየና፣ "ተዉአት፣ ትታቀፍ" አለ።

እግሬ ጉንዳን እንደወረረው ሆነ። ጉልበቴ በራሱ ሊነሣ ይሞክራል፤ በእጄ እጫነዋለሁ። አባቴ የሚጸልየው ጸሎት አንድም አልመጣልኝ አለ፤ "ጌታ ሆይ፣ አታስነሣኝ" ብቻ እላለሁ። ከዚያ ጉሙ ወረደና ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሮጠ። ጓድ አንጁሎ ግን ከበሩ ተመልሶ ወጣ፣ እየተራመደ መጣ፣ ካፖርቱን አውልቆ በራሴ ላይ ጣለልኝና ሄደ። ካፖርቱ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ከለከለልኝ። ነገር ግን የቤት ወለል በዘመን ብዛት ይጎደጉዳል፤ የዳገቱ ውሃ ሁሉ ወደዚያ ክብ ወረደ። ውሃው ከታች መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እስኪበርደኝ ድረስ። የማደርገው ስላልነበረኝ ይበልጥ ተጫንኩት።

ሲያባራ መዝገቡን ካፖርቱ ውስጥ ደብቄ ወደ ቤት ገባሁ፤ የምተኛበት ሣር ሥርም ሸሸግኩት። ካፖርቱን አያቴ ሲመልሱለት ገበሩ ላይ ሰማያዊ እድፍ ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣ ነበር። ማንም አልመጣም።

እናቴ ስትመጣ ሁሉን ነገርኳት። አልተቆጣችም። "አባትሽ ይወጣል፤ ይህም ይደርቃል" አለች። አያቴ ወጥተው ሳሉ ገጾቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀለቻቸው። ከዚያ ቀሚሴን አየች። ከኋላ፣ ከወገቤ በታች፣ ሰማያዊ ነበር፤ እዚህም እዚያም የተገለበጠ ፊደል ይታይበታል። ሰው እንዳያይብን ፈራችና ያንኑ የእግር ማጠቢያ ሳፋ አውጥታ ቀሚሱን አጠበችው። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ተሸክሜ ሄጄ እንሰቱ ሥር ደፋሁት። የደጋዎቹ ስም እዚያ ፈሰሰ፤ ያን ጊዜ ግን የሚታየኝ የቀሚሱ መንጻት ብቻ ነበር።

አባቴ ከወራት በኋላ ወጣ፣ ተመስገን። በዚያ መዝገብ ምክንያት የተጠራ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። አባቴ የተበላሹትን ገጾች ሲያይ ሊሞላቸው አልቻለም፤ ደጋዎቹ ከእርሱ በፊት የተጻፉ ናቸውና ጠዋት ጠዋት የሚጠራቸው ከገጹ እያነበበ እንጂ በቃሉ አልነበረም። በኋላ ስናጠይቅ አንዳንዱ ሞቷል፣ ሌላው ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ለጠየቀው ሁሉ "ዝናብ ነው" ይል ነበር፤ የእኔን ስም አንሥቶ አያውቅም።

ደርግ ከወደቀና ቤተ ክርስቲያኑ ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ እሑድ ጓድ አንጁሎ መጣ። ጓድነቱ ቀርቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ካፖርቱ ግን ያው ነው። ጉባኤው ሲበተን ወደ አባቴ ቀረበና፣ "የእናቴን ስም ልይ ብዬ ነው" አለ። እናቱ ማቱኬ ኩልፎ ላይ ተጠምቃ ነበር። ፎቶግራፍ የላትም፤ መቃብሯ ላይ ጽሑፍ የለም። ማንበብ አታውቅም፤ ግን እስክትሞት ድረስ "የእኔ ስም አርባ ምንጭ ተጽፏል" እያለች ትኮራ ነበር አለን። አባቴ ገጹን ፈለገለት። ደመናው ላይ ሲደርስ መዝገቡን ወደ እርሱ አዞረለት። አንጁሎ መዳፉን ገጹ ላይ አሳርፎ ቆየ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ አገኘኝ። ትልቅ ልጅ ሆኛለሁ፤ ግን አወቀኝ።

"ወፌ፣" አለኝ፣ "አንዱ እንቁላል አልተፈለፈለም ማለት ነው።"

ቁጣ አልነበረበትም። ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት፤ ቆሜ ነው የነገርኳት። ጓንቷን አውልቃ ሰማች። ከዚያ ቅጹን ሳበችና ያልታወቀ የሚለውን ሰረዘችው።

"ምን ልበል፣ እማዬ?"

"ተቀምጣበት ነው በይ።"

ሳቀች፤ ጻፈች። የማስታውሰው ስም እንዳለ ጠየቀችኝ። አንድ አለኝ አልኳት። በአሮጌው ወረቀት ላይ አይጻፍምና በሌላ ንጹሕ ወረቀት "ማቱኬ፣ የአንጁሎ እናት፣ ኩልፎ ላይ የተጠመቀች" ብላ ጽፋ መካከሉ ላይ አስገባችው።

ዛሬ ጠዋት መኪናው መዝገቡን ይዞ ሄደ። ምስጥ አይደርስበትም፣ ዝናብ አይደርስበትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄንም ይባርካት። እኔ እንደ አባቴ በየስሙ መጸለይ ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ መዝገቡ ባይኖርም ያልጠፉትን ስሞች በቃሌ አውቃቸዋለሁና ዛሬም ተቀመጥኩ። የከተማውን፣ የላንቴንና የምዕራብ ዓባያን ሰዎች ጠራሁ። ወደ መካከሉ ስመለስ ማቱኬ አልኩ። ከእርሷ ቀጥለው ያሉትን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፤ በዚህ አልጠራጠርም። እኔ ግን የምጠራው አጣሁና ተነሣሁ።